ከጠመንጃው በፊት ልኩ

የካቲት 23 በመጣ ቁጥር የጠመንጃ ቆጠራ ይነሳል። ዳግማዊ ምኒልክ ስንት ጠመንጃ ገዙ፣ ከማን ገዙ፣ በየትኛው ወደብ አስገቡ፣ ጣሊያን ራሷ ከመጣላቷ በፊት ስንቱን ሰጠች እየተባለ ክርክሩ ይጦፋል። በቁጥሩ የማይስማሙት ሁሉ በአንድ ነገር ግን ይመሳሰላሉ፤ የጥይቱን ልክ የሚጠይቅ የለም። ጠመንጃው ስንት ሚሊ ሜትር ነው? በዝናሩ የተደረደረው ጥይት ለዚያ ጠመንጃ የተሠራ ነው ወይስ ለጎረቤቱ? ጥይቱ ሲያልቅስ በምን ይተካል? እነዚህ የባለሙያ ጥያቄዎች ናቸው ተብለው ይታለፋሉ። ጦርነት ሲረዝም ግን ወሳኞቹ እነሱ ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው። መሣሪያ መምረጥ የሚጀምረው ከመለካት ነው። ሳይለካ የተመረጠ መሣሪያ ውድም ይሁን ርካሽ፣ የባለቤቱን ችግር አይፈታም፤ ችግሩን በሥርዓት ይደግመዋል እንጂ። ይህን ነገር ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ አንድ ትንሽ ሙያ አለ። ለብዙ አንባቢ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ እርሳስ በቤት አቅልጦ አረር ማፍሰስና የፈሰሰውን አረር ልክ ማስያዝ። ሙያው ዛሬ በስፋት የሚገኘው አሜሪካ ውስጥ ነው። በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ ማምረትን ስለማይፈቅድ፣ ነገሩ እዚህ የሚነሳው ማንም እንዲሞክረው ሳይሆን ለያዘው ትምህርት ነው።

ስሙ የሚዋሽበት ሙያ

አሜሪካውያን ዒላማ ተኳሾችና አዳኞች አረር በቤታቸው የሚያፈሱበት ምክንያት ግልጽ ነው። የፋብሪካ ጥይት ይወደዳል፤ አንዳንዴም ከገበያ ይጠፋል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 እና በ2020 የሱቅ መደርደሪያዎች ባዶ ሆነው ሰንብተዋል። ለአሮጌ ጠመንጃ የሚሆነውን ጥይት ደግሞ ፋብሪካ ጨርሶ ላያመርተው ይችላል። ስለዚህ ሰዎቹ የመኪና ጎማ ባላንስ የሚደረግበትን እርሳስና ሌላም ቁርጥራጭ ይሰበስባሉ፤ ያቀልጣሉ፤ ጥንካሬ እንዲያገኝ ቆርቆሮና አንቲሞኒ ይጨምሩበታል፤ ከዚያ በብረት ቅርጽ ውስጥ ያፈሱታል። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ ለዚህ ትልቅ ምድጃ አያስፈልግም።

ከቅርጹ የወጣው አረር ግን አላለቀም። ብዙውን ጊዜ ከሚፈለገው ትንሽ ይወፍራል፤ አንዳንዴም ክብነቱ ፍጹም አይሆንም። ስለዚህ በጠንካራ ብረት በተሠራ ቀለበት ውስጥ ተገፍቶ እንዲያልፍ ይደረጋል። ቀለበቱ ትርፉን ጨምቆ አረሩን አንድ ወጥ መጠን ያስይዘዋል። ይህን መሣሪያ ልክ ማውጫ ብሎ መጥራት ይቻላል።

ልክ ማውጫው በሦስት ዓይነት ይገኛል። የመጀመሪያው ቀላሉና ርካሹ ነው፤ በእጅ መጫኛ ማሽን ላይ የሚታሰር ቀለበት ሲሆን አረሩ ከታች ገብቶ በጫፉ ወደ ላይ ይወጣል። ሊ የተባለው ኩባንያ በዚህ ይታወቃል። ሁለተኛው ላይማንና አርሲቢኤስ የሚሠሩት ነው፤ ልክ ማስያዙንና በአረሩ ወገብ ላይ ባሉት ቦዮች ቅባት መሙላቱን በአንድ እንቅስቃሴ ያከናውናል። አረሩ ወደ ታች ወርዶ በዚያው መንገድ ስለሚመለስ፣ አናቱን የሚገፋው ብረት ከአረሩ ቅርጽ ጋር ካልገጠመ አረሩን ሊያጣምመው ይችላል። ሦስተኛው የስታር ዓይነት የሚባለው ነው፤ እየቀባ በአንድ አቅጣጫ አሳልፎ ያወጣል፤ ፈጣን ነው፤ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው።

ጀማሪዎች ጊዜያቸውን የሚጨርሱት ከሦስቱ የትኛው ይሻላል እያሉ ነው። ጥያቄው ከንቱ ባይሆንም ቦታው አይደለም። ሦስቱም አረሩን የሚያወጡት ቀለበታቸው በሆነው ልክ ነው። ቀለበቱ ልክ ካልሆነ ውዱ ማሽን የተሳሳተውን መጠን በፍጥነትና በጥራት ያባዛል።

ቀለበቱ ደግሞ የሚገዛው ብዙ ጊዜ በጥይቱ ስም ነው። ስሙ ግን ይዋሻል። በአሜሪካ «.38» ተብሎ የሚጠራው የሽጉጥ ጥይት የአረሩ ውፍረት 0.38 ኢንች ሳይሆን 0.357 ኢንች ገደማ ነው፤ ስሙ የመጣው ከቀድሞው ዘመን አሠራር ነው። «.44» ማግነም የሚባለው 0.429 ኢንች ነው። «30 ካሊበር» የሚባለው ጠመንጃ ቱቦው በቦዮቹ ጥልቀት ሲለካ 0.308 ኢንች ይሆናል። በስሙ የገዛ ሰው የገዛው ታሪክ ነው፤ ልክ አልገዛም።

ፋብሪካው የጻፈው ትክክለኛ ቁጥርም ቢሆን ለሁሉ አይሆንም። የጠመንጃ ቱቦ ውስጡ ጠመዝማዛ ቦዮች አሉት። አረሩን የሚያሽከረክሩት፣ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ዓመት የወጡ ሁለት ጠመንጃዎች እንኳ በቦዮቻቸው ጥልቀት በትንሹ ሊለያዩ ይችላሉ። አሮጌ ጠመንጃማ በአገልግሎት ብዛት ተበልቶ ይሰፋል።

የፀጉር ያህል ልዩነት

ልምድ ያላቸው አፍሳሾች የሚከተሉት ደንብ አለ። የእርሳስ አረር ከቱቦው ቦይ ከአንድ እስከ ሁለት ሺህኛ ኢንች ወፍሮ መገኘት አለበት። በሚሊ ሜትር ሲሰላ ከ0.025 እስከ 0.05 ነው። የሰው ፀጉር አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ አይቀጥንም።

ይህች ልዩነት ስትጠፋ ምን ይሆናል? አረሩ ከቱቦው ከቀጠነ ባሩዱ ሲነድ የሚወጣው ትኩስ ጋዝ በአረሩ ጎንና በቱቦው ግድግዳ መካከል ሾልኮ ያልፋል። ሲያልፍ የእርሳሱን ጎን ያቀልጣል፤ የቀለጠው እርሳስ ቱቦው ውስጥ ይለጠፋል። ከጥቂት ተኩስ በኋላ ቦዮቹ ይደፈናሉ፤ አረሩ በወጉ አይሽከረከርም፤ ዒላማው ይበተናል። ተኳሹ እጁን ይወቅሳል፤ ባሩዱን ይወቅሳል፤ ቅባቱን ይቀይራል፤ እርሳሱን ያጠነክራል። ስህተቱ ግን ከልኩ ነው። በተቃራኒው አረሩ ከመጠን በላይ ከወፈረ ጥይቱ ወደ ጉሮሮው አልገባም ይላል፤ ወይም ግፊቱን ያለ ልክ ያንረዋል።

ስለዚህ ትክክለኛው ቅደም ተከተል ከገበያው ቅደም ተከተል ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ ባዶነቱ በተረጋገጠ ቱቦ ውስጥ ለስላሳ እርሳስ ተገፍቶ እንዲያልፍ ይደረጋል። እርሳሱ የቦዮቹን ቅርጽ ይዞ ይወጣል። ያ እርሳስ ይለካል። የሚለካውም በተራ ካሊፐር አይደለም፤ የካሊፐር ስህተት ራሱ አንድ ሺህኛ ኢንች ሊሆን ስለሚችል የሚፈለገውን ልዩነት ይውጠዋል። ማይክሮሜትር ያስፈልጋል። ቦዮቹ ጎዶሎ ቁጥር ከሆኑ፣ ለምሳሌ አምስት ከሆኑ፣ ተራ ማይክሮሜትርም ያሳስታል፤ አንዱ ቦይ ትይዩ ስለሌለው ልኩ አንሶ ይነበባል። ተሽከርካሪ ሽጉጥ ከሆነ ደግሞ አረሩ ወደ ቱቦው ከመግባቱ በፊት የሚያልፍባቸው ጉሮሮዎች አሉ፤ እነሱም ይለካሉ። ጉሮሮው ከቱቦው ከጠበበ ትክክለኛው አረር ገና ከመነሻው ተጨምቆ ይቀጥናል።

ልኩ ከታወቀ በኋላ ከዚያ የወፈረ አረር የሚያወጣ ቅርጽ ይመረጣል። የእርሳሱ ድብልቅም ይታሰባል፤ ንጹሕ እርሳስ ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ይኮማተራል፤ አንቲሞኒ ያለበት ከዚያው ቅርጽ በመጠኑ ወፍሮ ይወጣል። ልክ ማውጫው የሚገዛው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በመጨረሻ ነው። ምክንያቱ ደግሞ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው፤ ልክ ማውጫ ያጠባል እንጂ አያሰፋም። ከቅርጹ ቀጥኖ የወጣን አረር የትኛውም ቀለበት አያወፍረውም። በመነሻው የጎደለ ነገር በመጨረሻው መሣሪያ አይሞላም።

የሚለካ ሌላም ነገር አለ፤ የእርሳሱ ጉዳት። እርሳስ በጭሱም በአቧራውም ወደ ሰው ደም ይገባል፤ ለሕፃናት አንጎል አደጋ የሌለው ነው የሚባል መጠን እስካሁን አልታወቀም። በማእድ ቤት ምድጃ ላይ የሚያቀልጥ አባት ለዒላማው ሲጨነቅ ልጁን ሊመርዝ ይችላል። በዚህም የሚያስጥለው ከሥራው በፊት መለካቱ ነው።

«ልክ» ሲባል

አማርኛ በዚህ ጉዳይ ዕድለኛ ቋንቋ ነው። «ልክ» ማለት መጠንም ነው፣ ትክክልም ነው። «ልክ ነህ» ሲባል እውነት ተናገርክ ማለት ነው። «ልክህን እወቅ» ሲባል ደግሞ መጠንህን እወቅ ማለት ነው። ቋንቋው እውነትንና መጠንን በአንድ ቃል አስሯቸዋል፤ ያልተለካ ነገር ልክ ሊሆን አይችልም እያለ ነው። የአገሪቱ የመሣሪያ ታሪክ ግን ይህን ቃል ለሁለት ከፍሎ ሲጠቀምበት ኖሯል። መሣሪያው ተገኘ፤ ልኩ በሌላ አገር ቀረ።

በአፈሙዙ ባሩድና አረር በሚጎርሰው ጠመንጃ ዘመን ይህ ብዙ አይጎዳም ነበር። ድቡልቡል የእርሳስ አረር በጨርቅ ተጠቅልሎ ይገባል፤ ትንሽ ቢቀጥን ጨርቁ ይሞላዋል። ጠመንጃ ሲሸጥ የራሱ የአረር ማፍሰሻ አብሮት ይሸጥ ስለነበር ባለቤቱ ልኩን በእጁ ይዟል ማለት ነው። በእንግሊዝ የጠመንጃ ልክ ይሰየም የነበረውም ከአንድ ፓውንድ እርሳስ ስንት ድቡልቡል አረር ይወጣል ተብሎ ነው፤ ዛሬ የአደን ጠመንጃ «12» የሚባለው ከዚያ የቀረ ነው። ልኩ በእርሳስ ክብደት ይቆጠር ነበርና ሚዛንና ምድጃ ያለው ሁሉ ሊደርስበት ይችል ነበር።

ያ ዘመን በኢትዮጵያ መሬት ላይ የተዘጋበት ቀን ይታወቃል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ግርጌ፣ በእሮጌ፣ የእንግሊዝ ጦር ስናይደር የተባለውን ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ለመጀመሪያ ጊዜ በውጊያ ተጠቀመበት። የአፄ ቴዎድሮስ ሰዎች የያዙት በአፈሙዙ የሚጎርሰውን ነበር። ንጉሡ በጋፋት መድፍ ሲያሠሩ የኖሩ ናቸው፤ መሣሪያ በአገር እንዲሠራ የፈለጉትን ያህል የፈለገ መሪ ጥቂት ነው። ግን ሴባስቶፖልን የሚያህል ግዙፍ ነሐስ ማቅለጥ አንድ ሙያ ነው፤ በሺህ የሚቆጠር ጥይት አንዱን ከአንዱ ሳይለዩ መሥራት ሌላ ሙያ ነው። ሁለተኛው የሚጠይቀው ከእሳት ይልቅ ልክን ነው። ስናይደር በአማርኛ ሰናድር ሆኖ ቀረ፤ ልኩ ግን ከእንግሊዝ ጋር ተመለሰ።

ግንቦት 1867 ዓ.ም. በፓሪስ 17 መንግሥታት የሜትርን ስምምነት ፈረሙ። ዓለም የሚለካበትን አንድ ልክ ተስማምተው ያጸኑበት ቀን ነው። ከስድስት ወር በኋላ፣ ኅዳር 1868 ዓ.ም.፣ የአፄ ዮሐንስ ጦር በጉንደት የግብፅን ጦር ደመሰሰ፤ በዚያው ዓመት በጉራዕ ደገመው። የተማረከው ብዙ ሬሚንግተን ጠመንጃ ነው፤ የጥይቱ ልክ 11.43 ሚሊ ሜትር። በዚያ ጊዜ የኢትዮጵያ መለኪያ ክንድ፣ ስንዝር፣ ጋትና ጣት ነበር። በጣት ከሚለካ አገር እጅ በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚለካ መሣሪያ ገባ። ድሉ ታላቅ ነው፤ ግን ከድሉ ጋር ጥገኝነትም ተማርኮ ገባ።

ከዚያ በኋላ ጠመንጃው በዓይነት በዓይነቱ ጎረፈ። ፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» በኢትዮጵያውያን አፍ ውጅግራ ተባለ፤ ልኩ 11 ሚሊ ሜትር፣ የቀለሁ ርዝመት 59 ሚሊ ሜትር። የግብፁ ሬሚንግተን 11.43፣ ቀለሁ 50። የጣሊያኑ ቬተርሊ 10.35፣ ቀለሁ 47። ለበን የሚባለው ሌበል ደግሞ 8 ሚሊ ሜትር። ሰናድሩ ከሁሉ ወፍሮ ወደ 14.7 ይጠጋል። የሬሚንግተንና የውጅግራ አረሮች ልዩነት ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በዓይን ብቻ አይለይም። በቱቦ ውስጥ ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው። ጎን ለጎን የተሰለፉ ሁለት ወታደሮች አንዱ ጥይት ሲያልቅበት ከሌላው ዝናር መበደር አይችልም ማለት ነው።

ሕዝቡ ይህን በራሱ መንገድ ተረድቶት ነበር። በደቡብና በምዕራብ ገበያዎች ጥይት ከማርያ ቴሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ገንዘብ ይዘዋወር ነበር፤ በተለይ የውጅግራ ጥይት። ባዶው ቀለህ እንኳ አይጣልም፤ ዋጋ አለው፤ እንደገና ይሞላል። ገንዘብ የሚሆን ነገር ደግሞ እንደልብ የማይሠራ፣ ከሩቅ የሚመጣ ነገር ነው። ጥይት ገንዘብ የሆነበት አገር ጥይቱን የሚሠራበት ልክ ያልነበረው አገር ነው።

«ያለ ልክም ተሸንፎ ያውቃል?»

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ ሊናቅም አይገባውም። ዓድዋ በዚያው በተቀላቀለ ጠመንጃ ነው የተሸነፈበት ጠላት። ወኔና ብልህነት፣ መረጃና ስንቅ፣ የጄኔራሎቹ ስህተትም ተደምሮ የልክን ጉድለት ሸፍኖታል። ታዲያ ልክ ይህን ያህል ምን ይጠቅማል?

መልሱ ከጊዜ ጋር የተያያዘ ነው። የዓድዋ ዘመቻ ወራት ቢፈጅም ወሳኙ ውጊያ በአንድ ቀን አልቋል፤ የተተኮሰውም ለዓመታት በትዕግሥት የተከማቸ ጥይት ነው። የልክ ጉድለት ለአንድ ቀን ሊደበቅ ይችላል። የሚገለጠው ነገሩ ሲረዝም፣ ክምችቱ ሲሟጠጥ፣ ድንበሩ ሲዘጋ ነው።

በ1928 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነው። እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ሚዛናዊ የሚመስል ውሳኔ ነበር። ጣሊያን ግን መሣሪያዋንም ጥይቷንም በራሷ ፋብሪካ፣ በራሷ ልክ ትሠራለች። ክልከላው የነካው ልኩን በእጁ ያልያዘውን ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ሠራዊት የተሰለፈው ከአባቶቹ ውጅግራ እስከ አዲሱ ቤልጅግ ባለ ድብልቅ ጠመንጃ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ጥይት ይጠይቃል። የመርዝ ጋዙና አውሮፕላኑ የሚረሳ አይደለም፤ ሽንፈቱን በጥይት ልክ ብቻ ማስረዳትም ስህተት ነው። ነገር ግን በሩ ሲዘጋ ማን በረሃብ እንደሚሞት የተወሰነው ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ዘመናዊ ነው፤ «ዛሬ ሁሉም በፋብሪካ ልክ ተሠርቶ ይመጣል፤ ገዝቶ መጠቀም ነው» ይላል። የአሜሪካው አፍሳሽ ለዚህ መልስ አለው። የፋብሪካ ልክ የሚሠራው ለአማካይ ቱቦ ነው፤ የእርስዎ ቱቦ አማካይ መሆኑን የሚያውቁት ሲለኩት ብቻ ነው። የሚገዛ ሰውም መለካት አለበት፤ እንዲያውም ከሚሠራው ይበልጥ አለበት፤ ሻጩ የነገረውን ማረጋገጫ ሌላ መንገድ የለውምና።

ትምህርቱ ከጥይት ያልፋል

ኢትዮጵያ ዛሬ በአምቦ አቅራቢያ ሆሚቾ የጥይት ፋብሪካ አላት፤ የጦር መሣሪያ ኢንዱስትሪዋም የቴዎድሮስን ጋፋት ስም ወርሷል። ከዓድዋ ዘመን ጋር ሲነጻጸር ብዙ ርቀት ተሄዷል። ግን የልክ ጥያቄ በወታደር ቤት ብቻ የሚቀር አይደለም።

በየወረዳው በእርዳታ የመጣ የውኃ ፓምፕ አንድ ጎማ ወይም አንድ ኩሽኔታ ጠፍቶ ዓመት ሲቆም ይታያል። ያ ፓምፕ የተመረጠው በስሙ፣ በዋጋው ወይም በለጋሹ ነው፤ ማንም መለዋወጫው በየትኛው ልክ እንደሚሠራና በአገር ውስጥ ማን ሊሠራው እንደሚችል አልጠየቀም። የሆስፒታል የደም ግፊት መለኪያ ዓመታት ሳይፈተሽ ሲሠራ ውጤቱ የታካሚውን ሕይወት ይወስናል፤ መለኪያውን ግን የለካው የለም። የነዳጅ ማደያው ቆጣሪ፣ የእህል ነጋዴው ሚዛን፣ የአርማታ ብረቱ ውፍረት ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ናቸው። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል፤ ቁናው ራሱ መሰፈሩን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

የሚያሳዝነው እውቀቱ በአገር ውስጥ መኖሩ ነው። ማንኛውም ደህና ቶርኖ ቤት ይግቡ። ሞተሩ የደከመ መኪና ሲመጣ ባለሙያው ፒስተን ግዙ ብሎ አይጀምርም። ሲሊንደሩን ይለካል፤ የተበላውን ያህል ይሞርደዋል፤ ከዚያ ነው ከመደበኛው በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊ ሜትር የወፈረ ፒስተን የሚታዘዘው። የአሜሪካው አረር አፍሳሽ ደንብ ከዚህ በምንም አይለይም፤ መጀመሪያ ቀዳዳው ይለካል፣ ቀጥሎ የሚሞላው ይመረጣል። ለአንድ ሚኒባስ የሚደረገው ጥንቃቄ በሚሊዮን ለሚቆጠር ብር የመንግሥት ግዢ የማይደረግበት ምክንያት የለም።

ኢትዮጵያ የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት አላት። ሥራው ድምፅ የለውም፤ ሪባን አይቆረጥበትም፤ ካሜራም አይከተለውም። ከማንኛውም ታንክና ድሮን ይበልጥ የአገር ነፃነት የሚፈተነው ግን እንዲህ ባለ ቤት ነው። ስለዚህ ሦስት ነገሮች ሊጠየቁ ይገባል። አንደኛ፣ ማንኛውም የመንግሥት የማሽን ግዢ የመለዋወጫዎቹን ሙሉ ልክና የመፈተሻ መሣሪያ አብሮ ያካትት፤ ይህን የማይሰጥ ሻጭ የሚሸጠው ማሽን ሳይሆን ኪራይ ነው። ሁለተኛ፣ በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶች ተማሪው ማሽን ከመንካቱ በፊት ማይክሮሜትር ማንበብን ይልመድ፤ በመቶኛ ሚሊ ሜትር ያላሰበ እጅ በመቶኛ ሚሊ ሜትር አይሠራም። ሦስተኛ፣ ጋዜጠኛው «ስንት ተገዛ?» ብቻ ብሎ አይመለስ፤ «ልኩን የያዘው ማነው?» ብሎ ይጨምር።

ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። አንድ ጥሩ ማይክሮሜትር ከሚለካው ማሽን ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ኢምንት ነው። የሚያስፈልገው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ልክ ማውጫ ያጠባል እንጂ አያሰፋም፤ በዕቅድ ላይ የጎደለውን በግዢ መሙላት አይቻልም። ተሽጦ የመጣ ደንብ፣ ተሽጦ የመጣ ማሽን፣ ተሽጦ የመጣ ፖሊሲ ሁሉ በሌላ ቱቦ ተለክቶ የተሠራ ነው። የሚገጥም ከሆነ በዕድል ነው፤ ካልገጠመ ጋዙ በጎኑ ሾልኮ ይወጣል፤ ተኳሹም እጁን ሲወቅስ ይኖራል።

በሚመጣው የካቲት 23 የጠመንጃው ቆጠራ ይቀጥል፤ የሚያኮራ ቁጥር ነው። አንድ ሰው ግን ከመካከል ተነስቶ «ልኩስ?» ቢል፣ ያን ጊዜ ስለ ዓድዋ መወራቱ አብቅቶ ከዓድዋ መማር ይጀመራል።